በባቄላ የተቆጠረ ከተማ

ጥያቄ፦ ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። «የአውሮፓ ሕዝብ ከ1000 እስከ 1300 ባሉት ዓመታት እጥፍ ሆነ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከደብተሩ አነበበልኝና «ማን ቆጥሮት?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት፣ ማን ቆጠረው? ለምንስ በዛ? (አንዲት አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጅዎን ያመስግኑልኝ። ይህን ዐረፍተ ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ «ማን ቆጥሮት?» ያለኝ ተማሪ ግን ትዝ አይለኝም።

መላውን አውሮፓ የቆጠረ ማንም የለም። ከ35 እስከ 40 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ ወደ 70 ወይም 80 ሚሊዮን ደረሰ ሲባል ግምት ነው፤ ግምቱም የተለቀመው ለሌላ ጉዳይ ከተጻፉ ብራናዎች ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ዊሊያም በ1086 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገሩን ያስመዘገበው ማን ምን እንዳለውና ምን ግብር እንደሚወጣው ለማወቅ ነበር። የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ በምሬት እንደሚለው አንዲት ላም፣ አንዲት አሳማ እንኳ ሳትጻፍ አልቀረችም። ሰው ግን ቀረ። ዱምስዴይ በሚባለው በዚያ መዝገብ የሰፈሩት ወደ 270,000 የሚጠጉ ሰዎች በአብዛኛው አባወራዎች ናቸው፤ ሚስትና ልጅ የሉበትም፣ ለንደን ከነጭራሹ የለችም። ሊቃውንቱ አባወራውን በ4.5 ወይም በ5 አባዝተው፣ የጎደለውን ጨምረው፣ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ገደማ ይላሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ሰው ያድር ነበር በሚለው ግን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

እኔ የምወደው የጣሊያኗን ከተማ የፍሎረንስን ቆጠራ ነው። የከተማዋን ዜና መዋዕል የጻፈው ጆቫኒ ቪላኒ ነጋዴ ነበርና ቁጥር ይወዳል። በ1338 አካባቢ የከተማውን ሕዝብ 90,000 አፍ ብሎ የገመተው ከሚያስፈልገው ዳቦ ተነሥቶ ነው። ከዚህ የሚጥመው ደግሞ ሌላው ነው፦ በከተማዋ የቅዱስ ዮሐንስ ማጥመቂያ ቤት የሚያጠምቀው ካህን ለወንድ ልጅ ጥቁር ባቄላ፣ ለሴት ልጅ ነጭ ባቄላ ያስቀምጥ ነበር። በዓመት ከ5,500 እስከ 6,000 ባቄላ ይጠራቀማል፤ ጥቁሩም ከነጩ ከ300 እስከ 500 ይበልጣል። እስቲ ከልጅዎ ጋር ያካፍሉት፤ ለ1,000 ሰው ከ60 በላይ ልደት ይወጣል። እጅግ ብዙ ነው። ወይ ሰዉ ከ90,000 ይበልጥ ነበር፣ ወይ ከከተማው ውጭ የተወለዱ ሕፃናትም እዚያ ይጠመቁ ነበር። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ዳቦ መግዣ ያጣ ድኻ በዳቦ አይቆጠርምና።

ለምን በዛ? እንጀራው ስለ ሰፋ ነው። አየሩ ለዘብ ብሎ ነበር፤ ከባሕርና ከምሥራቅ የሚመጣው ወረራም ጋብ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ማረሻውን ልብ ይበሉ። አፈሩን ሰንጥቆ ብቻ የሚያልፍ ቀላል ማረሻ፣ እንደ እኛው ያለው፣ ለደረቁ ደቡብ ይበቃል። የሰሜኑ አፈር ግን ከባድና ውኃ የሚቋጥር ስለሆነ የሚገለብጥ ማረሻ ይፈልጋል። እሱ ሲስፋፋ ደኑ ተመነጠረ፤ በሆላንድም ረግረጉ ተጠነፈፈ። መሬታቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ጦም ያሳድሩ የነበሩት በብዙ ቦታ ለሦስት ከፈሉት፦ አንዱ ሲሶ ከበረዶው ወራት በፊት ስንዴ ይዘራበታል፣ ሁለተኛው ከበረዶው በኋላ አጃ፣ አተርና ባቄላ (ይኸውልዎ፣ እንደገና ባቄላ!)፣ ሦስተኛው ብቻ ያርፋል።

ሆኖም አንድ ቁና ዘር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወይም አራት ቁና ነበር፤ ከዚያም ላይ አንዱ ለከርሞ ዘር ይነሣል። በ1300 ደህናው መሬት በብዙ አገር ተይዞ አልቋል። በ1315 ዝናቡ አላባራ ሲል እህሉ በማሳው በሰበሰ፤ ረኃቡም እስከ 1317 ዘለቀ። ከ1347 ጀምሮ ደግሞ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ቢያንስ ሲሶውን ሕዝብ ጨረሰ። ቪላኒም በ1348 በዚያው ሞተ፤ ዜና መዋዕሉን ከእሱ በኋላ የቀጠለው ወንድሙ ማቴዎ ነው።