ታጣፊው የቆርቆሮ እጀታና የመጀመሪያ ሥራሽ

ውድ እህቴ፣

በደብዳቤሽ እንደገለጽሽልኝ በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቅሽ ሰባት ወር ሆኖሻል። የመመረቂያ ሥራሽ ባለ 20 ሊትር አራት ማዕዘን ቆርቆሮን ለመሸከም የሚያገለግል፣ ሲያነሡት የሚቆም፣ ሲያስቀምጡት ክዳኑ ላይ የሚተኛ ታጣፊ እጀታ ነው። ሐሳቡ የመጣልሽም በእናትሽ የቀለም መሸጫ ሱቅ ከአይሱዙ ላይ ቆርቆሮ የሚያወርዱት ልጆች መዳፋቸው በሽቦ እጀታ ሲቆረጥ በማየትሽ ነው። አሁን ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል፦ አንዱ የማሽን መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛነት፣ ሌላው በግማሽ ያህል ደመወዝ የፕሬስ ሻጋታ፣ ማለትም ላሜራ በማሽን ተጭኖ የሚቆረጥበትና ቅርጽ የሚይዝበት መሣሪያ፣ በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ተለማማጅነት። «ጓደኞቼ ድሮንና የፀሐይ ኃይል ሲሠሩ እኔ እጀታ ይዤ ቀጣሪ ፊት መቅረቤ ያሳፍረኛል፤ በማመልከቻዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው? ወይስ ሁለቱንም ሥራ ትቼ በእጀታው የራሴን ድርጅት ልክፈት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

መልሴን ሳላዘገይ ልንገርሽ። እጀታውን በሥራ ማመልከቻሽ ላይ ጻፊው። የቤተሰብሽ ሁኔታ የሚፈቅድልሽ ከሆነ ወርክሾፑን ምረጪ፤ የቅጥር ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን የእጀታው ፈጠራ በስምሽ እንዲጠበቅልሽ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከቻ አስገቢ። ድርጅት መክፈቱን ለጊዜው አቆዪው። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ የምጽፍልሽ የላክሽልኝን ሥዕል ደጋግሜ ስላየሁትና ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረሽ ነገር ምን እንደሆነ እዚያው ሥዕል ላይ ስለታየኝ ነው።

ስለ ኀፍረቱ ብዙ አልልም። በየቤታችን «ጀሪካን» የምንለው ዕቃ ስሙን ያገኘው እንግሊዞች የጀርመን ወታደሮችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ስለነበር ነው። የብረቱን ጀሪካን እ.ኤ.አ. በ1937 የነደፈው ቪንሰንዝ ግሩንፎግል የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ይሠራ የነበረው ሽቬልም በምትባል የጀርመን ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ነበር። ዕቃው 20 ሊትር ይይዛል፤ ከላዩ ያሉት እጀታዎች ግን ሦስት ናቸው። ሙሉውን አንድ ሰው ብቻውን ሲይዝ መካከለኛውን ይጨብጣል፤ ሁለት ሰዎች ሲተጋገዙ ግራና ቀኙን ይካፈላሉ፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጀሪካኖችን አጠጋግቶ የጎን እጀታቸውን በአንድ መዳፍ መያዝ ስለሚቻል አንድ ሰው አራት ባዶ ይዞ ይሄዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ቤንዚን የሚያመላልሱበት ስስ ቆርቆሮ መንገድ ላይ እየተቀደደ ነዳጁን ያፈስባቸው ስለነበር የማረኩትን የጀርመን ጀሪካን ይመርጡ ነበር፤ በኋላም አስመስለው አመረቱት። ቃለ መጠይቅ አድራጊው «እጀታ ብቻ?» ብሎ ፈገግ ካለ ይህን አጫውቺው።

አሁን ወደ ሥዕልሽ ልመለስ። እጀታው ሲተኛ ከክዳኑ ጠርዝ በታች እንዲገባ ማድረግሽ ቆርቆሮን በቆርቆሮ ላይ ለመደርደር ስለሚያስችል ያስመሰግንሻል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ጭነቱን ግን ያሰላሽው ለ20 ኪሎ ብቻ ነው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ስለሚመዝን እንደዚያ ማሰብሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያው ቆርቆሮ ቲነር ሲሞላ ወደ 16 ኪሎ፣ ወፍራም ቀለም ሲሞላ ደግሞ 26 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በዚያ ላይ ጭነቱ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ አይደለም፤ አውራጁ ልጅ ከመኪናው ጠርዝ ላይ መንጭቆ ሲያነሣው እጀታውን በያዙት ጆሮዎች ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱ እጥፍ ሊሆን፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እኔ ብሆን ሦስት እጥፍ ይዤ በ78 ኪሎ እፈትነው ነበር። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ የቀረውን 28 ኪሎ በአሸዋ ሞልተሽ ከእጀታው ላይ አንድ ሌሊት አንጠልጥዪውና ጠዋት ምን ያህል እንደተጣመመ በካሊፐር ለኪው።

የእጁ ነገር ከዚህ ይበልጣል፤ ሥራውን የጀመርሽውም ስለ እርሱ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ መዳፍን በ80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢነካ፣ የቲነሩ 16 ኪሎ የሚያርፍበት ስፋት 320 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ግፊቱ በካሬ ሚሊ ሜትር ግማሽ ኒውተን ያህል ይደርሳል። መጨበጫው 25 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ግን የሚያርፍበት ስፋት 2000 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ግፊቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። አንቺ 12 ሚሊ ሜትር የመረጥሽው ከዚያ በላይ ቢወፍር ሲታጠፍ ከጠርዙ በታች ስለማይገባልሽ መሆኑን ተረድቻለሁ። የዚህ ንድፍ ዋናው ትግል ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ለእጅ የሚመቸው አልታጠፍ ይላል፣ በደንብ የሚታጠፈው ደግሞ እጅ ይቆርጣል። «ጠፍጣፋ ላሜራ ላድርገው» ብትዪም እጀታው 90 ዲግሪ ዞሮ ሲተኛ ያ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ወደ ቁመት ተለውጦ ከጠርዙ በላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚዞረውን እጀታ ትተሽ የሚንሸራተተውን እንድትሞክሪ እመክርሻለሁ፤ ማለትም ጫፎቹ በሁለቱ ጆሮዎች ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱ፣ ሲስቡት ወደ ላይ የሚቀሰት፣ ሲለቁት ተመልሶ ጠፍጣፋ የሚሆን ማሰሪያ መሰል እጀታ። የእርሱ ስፋት ሁልጊዜ አግድም ስለሆነ ሲቆምም ሲተኛም ያው ነው። ብረት በተደጋጋሚ ሲቀሰት ውሎ አድሮ ስለሚሰነጠቅ ማሰሪያውን ከፕላስቲክ፣ ጆሮዎቹን ከብረት ማድረግ ይሻላል። መጀመሪያ በካርቶን ቆርጠሽ ሞክሪው፤ ጣቶች ያለ ችግር እንዲገቡም በክዳኑና በተነሣው እጀታ መካከል 40 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዪ።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ጆሮዎቹ ከክዳኑ ጋር የሚያያዙበት መንገድ ነው። በሥዕልሽ ላይ ክዳኑን በፑንታ በስተሽ በሪቬት (ጫፉ ተጠፍጥፎ በሚይዝ ችንካር) ይዘሽዋል። የክዳኑ ብረት ውፍረት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ እንዲህ ባለ ስስ ላሜራ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ጭነት ሲበዛበት ይሰፋል፤ ቲነር ደግሞ ቀዳዳ አፈላልጎ ማግኘት ያውቅበታል። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ቀለበት እንዴት እንደተያዘ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ኧርማል ፍሬዝ የተባለው የኦሃዮ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው መፍትሔ ክዳኑን ሳይበሱ፣ ከራሱ ከክዳኑ ብረት ትንሽ ጉብታ በፕሬስ አውጥቶ ቀለበቱን በእርሱ ላይ መጠፍጠፍ ነበር፤ ስለዚህ ሪቬት አለ፣ ቀዳዳ ግን የለም። ለአንቺ ሸክም ያ ጉብታ ብቻውን አይበቃም፤ ጆሮዎቹን በስፖት ብየዳ፣ ማለትም ላሜራዎችን ነጥብ በነጥብ በኤሌክትሪክ በሚያጣብቅ ብየዳ፣ መያዝ ትችያለሽ፤ ሙቀቱ የቆርቆሮውን የዝገት መከላከያ ስለሚያቃጥለው የተበየደው ቦታ ከውስጥም ከውጭም እንደገና መቀባት አለበት። ጆሮዎቹን ከክዳኑ መሀል አውጥተሽ ወደ ጠርዙ አስጠጊያቸው፤ ጠርዙ ላሜራው ተደራርቦ የታጠፈበት ስለሆነ ከሁሉም ቦታ ጠንካራው እርሱ ነው፤ መሀሉ ግን ሲነሣ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጽሑፍሽ ውስጥ የምግብ ዘይትን ዋና ደንበኛ አድርገሻል፤ የምግብ ዘይት ግን በየሱቁ እንደምታዪው በአብዛኛው ወደ ፕላስቲክ ዞሯል። ብረትን የሙጥኝ ብለው የሚቀሩት ቲነር፣ ቫርኒሽ፣ የዘይት ቀለምና ኮላ የመሳሰሉት ናቸው፤ ፈሳሾቻቸው ተራውን ፕላስቲክ ስለሚያልፉትና ስለሚያለሰልሱት። የእናትሽ ሱቅ ከማንም በፊት ያሳየሽን ደንበኛ ለምን እንደተውሽው አልገባኝም።

ወርክሾፑን ምረጪ ያልኩሽ በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ሥዕልሽ ላይ የዕቃው ቅርጽ አለ፤ ዕቃው በምን እንደሚሠራ ግን የለም። አንድ ጆሮ በእጅ ቆርጦ ማጠፍ ማንም የምናለሽ ተራ ባለሙያ ካንቺም ከእኔም በተሻለ ይችላል። አሥር ሺህ አንድ ዓይነት ጆሮ በርካሽ ማውጣት ግን የሻጋታ ሥራ ነው፤ ቆርቆሮ አምራቹም የሚጠይቅሽ አንዱ ስንት እንደሚያወጣበት ነው። እኔ ራሴ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የብረት ወርክሾፕ ስሠራ ለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ መቁረጫ ሻጋታ አዘጋጅቼ ነበር። በሻጋታው ወንዴና ሴቴ ክፍሎች (በሚቆርጠውና በሚቀበለው) መካከል በየጎኑ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ሲገባኝ 0.2 ተውኩ፤ መጽሐፉን አንብቤ ነበር፣ እጄ ግን ገና አላወቀውም ነበር። የወጣው ዕቃ ሁሉ ጠርዙ እንደ ምላጭ ሆነ፤ ሁለት ሺህ ያህሉን በሞረድ ስናለሰልስ ሳምንት ፈጀብን፤ አለቃዬም ምንም ሳይናገሩ አንድ ሞረድ ለራሳቸው አንሥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ላሜራ ሲታጠፍ ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ለ90 ዲግሪ መታጠፊያ ሻጋታው ጥቂት አሳልፎ ማጠፍ እንዳለበት፣ ከቶርኖና ከፕሬስ አጠገብ ቆመሽ ካልሆነ በሌላ መንገድ አይገባሽም። ድርጅት መክፈቱን አቆዪው ያልኩትም ሻጋታ አስከፍሎ ማሠራትና ሻጋታ ራስ መሥራት በወጪ እጅግ ስለሚለያዩ ነው።

ስለ ሕጉ ደግሞ ይህን ልብ በዪ። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ፓተንት፣ ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ፓተንት አዲስነት ብቻ ሳይሆን ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ የፈጠራ ብቃትም ይጠይቃል፤ የግልጋሎት ሞዴል ይህን ሁለተኛውን አይጠይቅም፤ ጥበቃው 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። እጀታሽ በእኔ ግምት የሚገባው በዚህኛው በር ነው። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ሥዕሉን ለፋብሪካ አታሳዪ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አትለጥፊ። ከዚያም በፊት የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በነጻ በሚያቀርበው ፓተንትስኮፕ የተባለ የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በዕቃ መያዣ እጀታዎች ምድብ ሥር ያሉትን ተመልከቺ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ታገኛለሽ፤ ተስፋ አትቁረጪ፣ የሌሎቹን መፍትሔ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። በቅጥር ውል መሠረት የተሠራ ፈጠራ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው፤ ከመፈረምሽ በፊት አመልክቺ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የመመረቂያ ሥራ ስለሆነም የዩኒቨርሲቲሽን ደንብ ጠይቀሽ በጽሑፍ አስመልሺ።

በሥራ ማመልከቻሽ ላይ «ታጣፊ እጀታ ነድፌአለሁ» ብለሽ አትለፊው። ለምን ዓይነት ቆርቆሮ፣ በስንት ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ በስንት ኪሎ እንደተፈተነ፣ የት ላይ እንደተሰበረና ከስብራቱ በኋላ ምን እንደለወጥሽ በአራት መስመር ጻፊ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ደህናውንም የተሰበረውንም በቦርሳሽ ያዢ፤ ልምድ ያለው የወርክሾፕ ኃላፊ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ወደ ተሰበረው ነው፣ ጨዋታውም ከዚያ ይጀመራል።

የሽያጩን ሥራ ንቄው አይደለም። እናትሽ የአንቺን ደመወዝ የሚጠብቁ ከሆነ ወይም ታናናሾችሽን የምታስተምሪው አንቺ ከሆንሽ ያለ ጸጸት ግቢበት፤ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው የየፋብሪካውን ማሽንና የየግዢ ክፍሉን ሰው ያውቃል፣ ይህም ለኋላ ይጠቅማል። እንደዚያ ከሆነ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ እንዲያስገባሽ ለምኚ። ወርክሾፑን ከመረጥሽ ደግሞ በውሉ ላይ የተለማማጅነቱ ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደመወዙ ስንት እንደሚሆንና ሻጋታ በራስሽ እጅ መሥራት የምትጀምሪው መቼ እንደሆነ በቁጥር አስጽፊ፤ «ቀስ እያለ» የሚል መልስ አትቀበዪ።

በካርቶን የሠራሽውን ተንሸራታች እጀታና የ78 ኪሎውን ፈተና ውጤት ላኪልኝ። የሥራ ማመልከቻሽን አብረን የምናርመው ከዚያ በኋላ ይሆናል።