ልጄ እኔን እያየ ነው ወይ የሚንተባተበው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ፣ ስሜን እንኳን ስጠየቅ ይይዘኛል፣ ስልክ ሲደወል ባለቤቴ ናት የምታነሳልኝ። እንደምንም ለምጄው ነበር። አሁን ግን የ4 ዓመት ልጄ ከጥቂት ወራት ወዲህ "እ-እ-እ-እኔ" ማለት ጀመረ። ዘመድ አንተን እየሰማ ነው ይለኛል፣ ሌላው ደንግጦ ነው ይላል፣ ሌላው ደሞ ተቆጡት ይተወዋል ይላል። እኔም ፈርቼ ከሱ ጋር ማውራት ቀነስኩ፣ ማታ ማታ ተረት መንገሩንም ለእናቱ ተውኩላት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተረቱን ዛሬውኑ መልሰህ ጀምር። መንተባተብ በመስማት አይጋባም፣ ልጅህ ካንተ ጋር ስላወራ አይብስበትም፣ አባቱ ድንገት ዝም ሲለው ግን ግራ ይገባዋል እኮ።

በዘር ይሄዳል ወይ ካልከኝ አዎ፣ በቤተሰብ ውስጥ ይታያል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የሚያያዙ የጂን ለውጦች አግኝተዋል፣ በአእምሮ ምርመራም ንግግርን በሚያቀናጁት ክፍሎች ላይ ልዩነት ታይቷል። ግን ቁመትህን ብታወርሰው ጥፋተኛ ነኝ ትላለህ? ድንጋጤና ጭንቀት ደሞ ያለውን ያባብሱታል እንጂ መነሻው እነሱ አይደሉም። ባለፈው ክፍለ ዘመን ዌንደል ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ራሱም የሚንተባተብ ሰው፣ ችግሩን የሚፈጥረው የወላጅ አስተያየትና ጭንቀት ነው ብሎ ሲያስተምር ነበር፣ ሀሳቡ ዛሬ ውድቅ ሆኗል፣ ስንት እናትና አባት ግን በዛ ምክንያት ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል፣ አንተ ደሞ እንዳትጨመር።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው እድሜ ነው። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ የሆነ ጊዜ ላይ ይንተባተባሉ፣ አብዛኞቹ ይተዋቸዋል፣ ካደጉ ሰዎች ውስጥ ግን ከ100 አንድ ገደማ ላይ ይቀራል። የልጅህ ይተወው አይተወው ዛሬ ማንም ሊነግርህ አይችልም። ወንድ ልጅ መሆኑና ባንተ ላይ መቅረቱ እሱም ላይ የመቆየት እድሉን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው "ሲያድግ ይተወዋል" ብለህ አትጠብቅ፣ ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ህክምና ባለሙያ) ይየው። ሊድኮምብ የሚባል አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ ህክምና አለ፣ ለትንንሽ ልጆች ነው፣ ቴራፒስቱ ወላጅን እያሰለጠነ በየቀኑ ቤት ውስጥ የሚሰራ፣ በአካባቢህ ባለሙያ ካጣህ በቪዲዮ ጥሪም ይሰጣል።

ቤት ውስጥ "ቀስ በል"፣ "ተንፍስ"፣ "እንደገና በለው" የሚባለው ነገር ይቅር። ቁጣ ጭራሽ አይታሰብ። ቃሉን አትጨርሱለት፣ አይን አይኑን እያያችሁ የሚለውን ስሙ፣ እሱን ቀስ በል ከማለት እናንተ ረጋ ብላችሁ አውሩ፣ ሲጨርስ ትንሽ ቆም ብላችሁ መልሱለት። ሲያስቸግረው እያየህ እንዳላየህ አትሁን፣ "ያ ቃል ያዘህ አይደል? ችግር የለም፣ እሰማሃለሁ" በለው።

አሁን ስላንተ። ልጅህ መንተባተብን ካንተ አይኮርጅም፣ ስልክ መሸሽን ግን ሊኮርጅ ይችላል፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ከመያዙ በላይ የሚያደክማቸው ለመደበቅ የሚያወጡት ጉልበት ነው፣ የሚፈሩትን ቃል በሌላ ቃል መቀየር፣ መልሱን እያወቁ አላውቅም ማለት፣ ስብሰባ ላይ መጥፋት ምናምን። ላደገ ሰው ህክምናው መንተባተብን ጨርሶ አጠፋለሁ አይልም፣ ቃል ሲይዝህ ሳትታገል እንድትወጣና ፍርሃቱ እንዲቀንስ ያደርጋል። አንዱ ልምምድ እንደውም ሆን ብሎ መንተባተብ ነው፣ ይገርማል ግን ይሰራል፣ ምክንያቱም የፈራኸው ነገር በራስህ ፈቃድ ሲሆን አቅሙ ይቀንሳል። ሌላው ወሬ ስትጀምር "እንተባተባለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ" ብሎ መናገር ነው። የሚንተባተቡ ሰዎች ኦንላይን የሚገናኙባቸው ግሩፖችም አሉ፣ ሁሉም እየተያዘ የሚያወራበት ቦታ መግባት ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ኦክቶበር 22 ዓለም አቀፍ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ስለሆነ በዛ ሰሞን ብዙ ዝግጅት ታገኛለህ።

ለቴራፒስቱ ቀጠሮ እስኪደርስ ልጁ ሲጫወትና ሲያወራ በስልክህ ቅረጽ፣ አንዳንድ ልጅ ባለሙያ ፊት ምንም ላይይዘው ይችላል። መቼ እንደጀመረና በየትኛው ሰዓት እንደሚብስበት ጻፍ፣ ከዛ ከእናቱ ጋር አብረህ ሂድ፣ ጥያቄውንም አንተ ራስህ ጠይቅ።