ኩርባ ላይ ማን ቀድሞ ይለቃል? የአላይመንት ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ስለ ዊል አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫና ዘንበል ስለማስተካከል) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከስፖርት መኪና ባለቤት እስከ ባጃጅ ሹፌር ድረስ ጠይቃችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ከማራኪ፦ ሰላም ወንድሜ። ቶዮታ 86 አለኝ። በባህር ዳር መንገድ ኩርባ ላይ ፈጠን ስል፣ መሪውን አዙሬም ፊቱ ወደ ውጭ ይሄድብኛል። የሚገፋው የኋላ ጎማ ስለሆነ ኋላው ይወጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አላይመንት ያስተካክለዋል?

በደንብ ያስተካክለዋል። ነገሩ የፊትና የኋላ ጎማዎች ፉክክር ነው። ፊቱ አስፋልቱን መያዙን ቀድሞ ከለቀቀ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ኋላው ቀድሞ ከለቀቀ ይዞርብሃል። ፋብሪካዎች አብዛኛውን መኪና ፊቱ ቀድሞ እንዲለቅ አድርገው ነው የሚሠሩት። ልምድ የሌለው ሹፌር ሲደነግጥ ነዳጅ ይለቃል፤ ያኔ ፊቱ መልሶ ይይዛል። ያንተም መኪና ከዚህ አያመልጥም። ከፋብሪካ ሲወጣ የፊት ካምበሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ የኋላው ግን ከ1 ዲግሪ በላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው።

ካምበር ማለት ጎማውን ከፊት ለፊት ስታየው የላይኛው ጫፉ ወደ መኪናው ማዘንበሉ (ኔጌቲቭ የሚሉት) ወይም ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ውጭ ሲጋደል የውጭው ጎማ በጠርዙ ይቆማል። ቀድሞ ትንሽ ወደ ውስጥ ካዘነበልከው ግን በዚያች ሰዓት ሙሉ ገጹ አስፋልት ይነካል። ስለዚህ ፊቱን ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1.5 ዲግሪ አድርገው፣ የኋላውን ካምበር እንዳለ ተወው። ችግሩ የ86 የፊት ካምበር ከፋብሪካው ማስተካከያ የለውም። ሾክ አብዞርበሩን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን በካምበር ብሎን መቀየር አለብህ። ካምበሩ ሲነካ ቶውም (ጎማው ከላይ ሲታይ የፊት ጫፉ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) አብሮ ስለሚለወጥ፣ ቶ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው የሚሠራው።

ኢንተርኔት ላይ ኔጌቲቭ 3 ዲግሪ የሚሉ አሉ። እሱ ለውድድር ሜዳ ነው። ጠዋት ፒያሳ፣ ማታ አዘዞ ለሚመላለስ መኪና የጎማውን የውስጥ ጠርዝ መጨረስ ነው ትርፉ። ቀጥ ብለህ ፍሬን ስትይዝም አያያዙ ይቀንሳል።

ከአዘዞ፦ ማሽን ሳይኖር በክር መለካት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ትዕግስት ካለህ ደግሞ ግዴለሽ ሰው ከሚሠራበት ማሽን ይሻላል።

መጀመሪያ ወለሉን በውሃ ልክ እየው። የጎማውን ንፋስ አስተካክል። መሪውን ቀጥ አድርገህ እሰረው። ከዚያ በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በጎማው እምብርት ከፍታ፣ ሁለት ክር ወጥር። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሩን ጎማ አስነክቶ ይወጥረዋል። በፊት ግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግን ከኋላዎቹ ጋር ብዙ ጊዜ እኩል ስላልሆነ ክሩ ይጣመማል። በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም አንድ ይሁን። ከክሩ እስከ ጎማው እምብርት ያለው ደግሞ በግራና በቀኝ ይመሳሰል።

አሁን ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ ለካ፤ ከዚያ እስከ ኋላ ጠርዙ። ፊቱ 98፣ ኋላው 97 ሚሊሜትር ከሆነ ጎማው በ1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ቶ ኢን የሚሉት ይህን ነው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 40 ሴንቲሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ 1 ሚሊሜትር 0.14 ዲግሪ ገደማ ነው። ለካምበር ቱምቢ ብታንጠለጥል፣ በዚሁ 40 ሴንቲሜትር ላይ በቸርኬው የላይና የታች ጠርዝ መካከል የ7 ሚሊሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ይሆናል።

ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ) ስታዞር ጫፉ ላይ ያለውን ዳዶ አስቀድመህ አላላ። የመሪ ሳጥኑን የጎማ ሽፋን የያዘችውን ማሰሪያም ፍታት። ካልፈታሃት ሽፋኑ ከዘንጉ ጋር ተጠማዝዞ ይቀደዳል፤ ከዚያ አቧራ ይገባና ሌላ ወጪ ነው። ግራና ቀኙን እኩል አዙር፤ አለበለዚያ መሪህ ተጣሞ ይቀራል። ዳዶውን አጥብቀህ፣ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ገፍተህ፣ እንደገና ለካ። ክሪክ ላይ ወጥቶ የወረደ መኪና ሳይገፋ ከተለካ ቁጥሩ ይዋሻል።

ከአራዳ፦ ልጄ፣ መኪናዬ ወደ ቀኝ ትስባለች። አላይመንት አሠርቼ ገንዘቤን ከፍዬ፣ አሁንም ያው ናት።

አባቴ፣ ጥፋቱ የአላይመንት ላይሆን ይችላል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይረው ይንዱ። ወደ ግራ መሳብ ከጀመረች ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተለወጠ ትንሽ ከነዱ በኋላ ወደ ቸርኬዎቹ እጅዎን ጠጋ ያድርጉ፤ አንዱ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። መንገዳችንም ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ያዘነበለ ስለሆነ፣ በቀኝ ስንነዳ ትንሽ ወደ ቀኝ መሄዷ ያለ ነው። ደግሞ ያረጀ ቡሽ (የክንዶቹ መጋጠሚያ ጎማ) እና የላላ ቦል ጆይንት (ጎማውን የሚያዞረው ክብ መጋጠሚያ) ሳይቀየር አላይመንት የሠራልዎት ሰው ገንዘብዎን ነው የበላው። ዛሬ የተስተካከለው በመጀመሪያው ኮብልስቶን ይበላሻል።

ከፒያሳ፦ የቪትሴን የኋላ ካምበር ማሠራት እፈልጋለሁ።

እህቴ፣ የቪትስ የኋላ አክሰል አንድ ወጥ ብረት ነው፤ የሚዞር ብሎን የለውም። ማሽኑ ላይ ኋላው ቀይ ካሳየ አክሰሉ ተጣሟል ወይም ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። «ኋላውንም አስተካክዬዋለሁ» ካለሽ የት ጋ እንደነካው አሳየኝ በይው። በዚህ መኪና የምታስተካክዪው የፊት ቶ ብቻ ነው።

ከደባርቅ፦ ሊማሊሞን ስወርድ ፍሬን ስይዝ ኋላው ይወዛወዛል። መኪናው አሮጌ ኮሮላ ነው፤ ኋላውም እንደ ፊቱ ለብቻ ለብቻ የቆመ ነው።

ይህን ለነገ አትበለው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላው ይቀላል። በዚህ ላይ የኋላ ጎማዎቹ እንደ ዳክዬ እግር ወደ ውጭ ከዞሩ እያንዳንዱ መኪናውን ወደ ራሱ ይጎትታል። የኋላ ቶ አውት ለመንገድ መኪና ፈጽሞ አይሆንም። ያንተ ዓይነቱ የኋላ ክንዶቹ ላይ ማስተካከያ አለው፤ የሁለቱ ጎማ ተደምሮ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቶ ኢን አስደርገው። መጀመሪያ ግን የክንዶቹን ቡሽ በፌሮ ወዝውዘህ እይ። የተበላ ቡሽ ቆሞ ሲለካ ደህና ይመስላል፤ ፍሬን ሲያዝ ነው የሚከፈተው። እስከዚያው ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ውረድ።

ከማራኪ፣ ያው የ86 ባለቤት፦ ፊቱን ቶ አውት ባደርገውስ? መሪው ይፈጥናል ይላሉ።

ይፈጥናል፤ ኩርባውን ገና ስትጀምር ቶሎ ይገባል። ግን ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናው አንድ ቦታ አይረጋም፣ የተሽከርካሪ ቦይ ባገኘ ቁጥር ይከተለዋል። ጎማውንም ከካምበር ይልቅ ቶ ነው ቶሎ የሚበላው። ፊቱን ዜሮ አድርገው። ኋላውን ትንሽ ቶ ኢን። እሱን ነድተህ ካልረካህ አንዱን ብቻ ለውጥ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከነካካህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ከቆላ ድባ መንገድ፦ ወደ መተማ ስወርድ ይሞቃልና የጎማ ንፋስ ልቀንስ?

አትቀንስ። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ቢጨምር ንፋሱ በ2 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ከፍ ይላል። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ ከ1,000 በታች። ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያህ በ2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። ጎሚስታው ጋ ስትሄድ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ተከተል።

ከአዘዞ፣ የባጃጅ ሹፌር፦ የኔስ ባጃጅ አላይመንት ያስፈልጋታል?

ፊቷ አንድ ጎማ ስለሆነ የፊት ቶ የሚባል የላትም። ወደ አንድ ጎን የምትሄድ ከሆነ የፊት ሹካውን መጣመም፣ የመሪውን ኩሽኔታና የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ አሳይ። ከኋላ ሆኖ የሚያይህ ሰው ቀጥ ስትል የፊት ጎማህ ከመሃል ወጥቶ ከታየው ሹካው ነው።