ፊዚክስ ተምሬ በጨረር ሙያ ልሠማራ? ለድሬዳዋዋ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ደብዳቤሽ ሦስት ጥያቄ ይዟል። ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ የምታጠኚ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የኒውክሌር ፊዚክስ ኮርስ ከወሰድሽ ወዲህ ልብሽ ጨረር ላይ ሆኗል፤ ግን ሆስፒታል ልግባ፣ ፋብሪካ ልሥራ ወይስ ምርምር ልያዝ የሚለው አልለይልሽ ብሏል። የረባ ላብራቶሪ በሌለበት ከአሁኑ ምን ልለማመድ ብለሽም ጠይቀሻል። እናትሽ ደግሞ «ጨረር ያመክናል፣ ይቅርብሽ ልጄ» ብለውሻል። የእናትሽን ጥያቄ መጨረሻ ላይ እመልሰዋለሁ፤ የሚናቅ ስላልሆነ ቦታ ይፈልጋል።

ከሆስፒታሉ እንጀምር፤ ብዙ የፊዚክስ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን የሚያነሳው ባለሙያ በዚያው ትምህርት ከጤና ኮሌጅ የተመረቀ፣ በጤና ባለሙያነት ፈቃድ ያወጣ ሰው ነው። በፊዚክስ ዲግሪ ወደዚያ ወንበር መሻገር አይቻልም፤ ከፈለግሽው እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ለአንቺ የተከፈተው በር የሕክምና ፊዚክስ ነው። በካንሰር የጨረር ሕክምና ክፍል ሐኪሙ ዕጢው የት እንዳለና ስንት ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እንደሚያስፈልገው ይወስናል። ቴክኖሎጂስቱ ታካሚውን አስተካክሎ አስተኝቶ ማሽኑን ያሠራል። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ደግሞ ማሽኑ «2 ግሬይ ሰጠሁ» ሲል እውነትም 2 ግሬይ መስጠቱን ያረጋግጣል፣ የሕክምናውን ስሌት ይፈትሻል፣ የክፍሉ ግድግዳ ስንት መወፈር እንዳለበት ያሰላል። መንገዱ ረጅም ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሕክምና ፊዚክስ ማስተርስ አለ፤ ከዚያም ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንደሚመክረው በሆስፒታል ውስጥ በነባር ባለሙያ ሥር ቢያንስ የ2 ዓመት ልምምድ። ማስተርሱን ብቻ ይዞ ማሽን ላይ የሚሰየም ሰው ለታካሚው አደጋ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ቢቀርብልሽ፣ ሥራሽን አይቶ የሚፈርም ነባር ፊዚሲስት መኖሩን ሳታረጋግጪ እሺ እንዳትዪ።

ሙያው ከሁሉም በላይ የመለካት ሙያ ነው። ጥሩው ምሳሌ ከምትኖሪበት አገር ከፍታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

የሕክምና ማሽን መጠን ሲለካ 30 በ30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ፋንተም የሚባል የውኃ ገንዳ ከማሽኑ ሥር ይቀመጣል። የጨረሩ መስክ 10 በ10 ሴንቲሜትር ይደረጋል፤ ከምንጩ እስከ ውኃው ገጽ 100 ሴንቲሜትር ይሆናል። 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ 0.6 ሚሊሊትር አየር የያዘች፣ ከእስክሪብቶ የማትወፍር አዮናይዜሽን ቻምበር ትገባለች። ጨረሩ በውስጧ ያለውን አየር ሲመታ ቻርጅ ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮሜትሩ ያንን በናኖኩሎምብ ይቆጥራል። 100 ሞኒተር ዩኒት (ማሽኑ የሚሰጠውን ጨረር የሚቆጥርበት አሃድ) እየሰጠሽ አምስት ጊዜ ታነቢያለሽ፤ አማካዩንም ከቻምበሯ ጋር በመጣው የካሊብሬሽን ቁጥር ታባዢያለሽ።

ችግሩ ቻምበሯ ክፍት መሆኗ ነው፤ በውስጧ ያለው አየር ከክፍሉ አየር ጋር አንድ ነው። ከድሬዳዋ ተነስተሽ ደንገጎን ስትወጪ ጆሮሽ የሚደፈነው አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። በቻምበሯ ውስጥም ያው አየር ይሳሳል፣ ጨረሩ የሚያገኘው ሞለኪውል ያንሳል፣ ንባቡም ይወርዳል። ካሊብሬሽኑ የሚሰጠው ግን ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስና ለ101.325 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ለባሕር ወለል ግፊት ነው። ድሬዳዋ ላይ ግፊቱ ወደ 88 ኪሎፓስካል፣ ሐረር ላይ ወደ 81 ገደማ ነው። ማረሚያው ከባድ ሒሳብ አይደለም። የውኃውን ሙቀት 273.2 ላይ ደምረሽ ለ293.2 ታካፍያለሽ፤ 101.325ን ደግሞ ለዕለቱ ግፊት ታካፍያለሽ፤ ሁለቱን ታባዣለሽ። ሐረር ላይ ውኃው 22 ዲግሪ ቢሆን 1.26 ይመጣል፤ ኤሌክትሮሜትሩ 10.0 ካነበበ የምትይዢው 12.6 ነው። ድሬዳዋ ላይ በ27 ዲግሪ 1.18 ይሆናል።

ታዲያ ግፊቱን ከየት አመጣሽው? ስህተቱ የሚሸሸገው እዚህ ነው። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያም ሆነ ኤርፖርት ለአብራሪዎች የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ሐረር ጀጎል በር ላይ ቆመሽ 1,015 ሄክቶፓስካል (101.5 ኪሎፓስካል) ይልሻል። ያንን ያስገባ ሰው ማረሚያው 1 አካባቢ ይወጣለታል፤ ማሽኑ መስጠት ካለበት 80 በመቶውን ብቻ የሰጠ ይመስለዋል። «ማሽኑ ደክሟል» ብሎ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ 2 ግሬይ የታዘዘለት ታካሚ በየቀኑ 2.5 ይወስዳል፤ በ25 ቀን 50 ግሬይ መሆን የነበረበት 63 ገደማ ይደርሳል። 5 በመቶ ስህተት እንኳ ብዙ በሚባልበት ሙያ ይህ አንጀትና ፊኛ የሚያቆስል ልዩነት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሠራተኛውም አልሰነፈም፤ የተሳሳተው አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ ባሮሜትሩ ሐረር ላይ ከ850፣ ድሬዳዋ ላይ ከ920 ሄክቶፓስካል በላይ ካሳየሽ መለካቱን አቁሚና መሣሪያውን ጠርጥሪ።

ሌሎች ስህተቶችም ከዚሁ ይወለዳሉ። በፀሐይ የሞቀ የሮቶ ውኃ ቀድቶ ወዲያው መለካት አንዱ ነው። ቻምበሯ የውኃውን ሙቀት እስክትይዝ ጊዜ ትፈልጋለች፣ እያንዳንዱ የ1 ዲግሪ ስህተትም ንባቡን በ0.34 በመቶ ያዛባል፤ ውኃውን ማታ ሞልቶ ክፍሉ ውስጥ ማሳደር ይሻላል። ሌላው፣ በብዙ ሊኒያር አክስለሬተሮች (የጨረር ሕክምና ማሽኖች) ውስጥ ያለው የመቆጣጠሪያ ቻምበር የታሸገ ነው፤ የታሸገ ቻምበር ለግፊት አይታረምም። ማሸጊያው ካፈሰሰ ግን የማሽኑ መጠን ከአየሩ ጠባይ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ይህንን የሚይዘው በየማለዳው የሚደረገው አጭር ፍተሻ ነው።

ይህን ስታነቢ ልብሽ ከሞቀ የሕክምና ፊዚክስ ያንቺ ነው። ከታከተሽ ግን በደመወዙ ወይም በስሙ ተስበሽ አትግቢበት።

ፋብሪካው እንደ ሁለተኛ ምርጫ መታየቱ ቅር ያሰኛል። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ከተማ ናት፤ በሲሚንቶ ላብራቶሪ ደግሞ ዋናው መሣሪያ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ነው። ኤክስሬዩ ከአቶሙ የውስጥ ኤሌክትሮን ያፈናቅላል፤ ክፍተቱ ሲሞላ አቶሙ የራሱን ኤክስሬይ ያወጣል። የካልሲየም 3.69፣ የብረት 6.40፣ የሲሊከን 1.74 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ነው። ናሙናው ከ75 ማይክሮን በታች እስኪልም ይፈጫል፣ ከማያያዣ ዱቄት ጋር ይደባለቃል፣ በብዙ ቶን ጉልበት ተጭኖ ጠፍጣፋ ክብ ይሆናል። የሲሊከን ጨረር ደካማ ስለሆነ ወደ መለኪያው የሚደርሰው ከላይኛው ጥቂት ማይክሮን የወጣው ብቻ ነው። ስለዚህ በደንብ ያልተፈጨ የኳርትዝ ቅንጣት ወይም ገጹን የነካ ጣት ሲሊካውን ያዛባዋል። ያኔ የኖራው ድርሻ በስህተት ይስተካከላል፣ ከምድጃው ያልተዋሐደ ኖራ ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ የገባው ሲሚንቶ ቆይቶ ያብጥና ይሰነጠቃል። ናሙናውን በሊቲየም ቦሬት 1,050 ዲግሪ ገደማ አቅልጦ እንደ ብርጭቆ ማውጣት የቅንጣቱን ችግር ያስወግዳል። ሆኖም የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል እስከ 44 በመቶ ክብደቱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ስለሚያጣ፣ ያንን ለይቶ ያልመዘነ ሰው ድምሩ አልገጥም ይለዋል። እዚህ ሥራ ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ መግባት ይቻላል፤ ደመወዝ እያገኘሽ የምትማሪው የናሙና ዝግጅትና የካሊብሬሽን ዲሲፕሊን ኋላ ማስተርስ ስትገቢ ይዘሽው የምትሄጂው ሀብት ነው። የቤተሰብ ኃላፊነት ካለብሽ እኔ በዚህ እንድትጀምሪ እመክራለሁ።

ምርምርን በተመለከተ፣ አገራችን የምርምር ሪአክተር ስለሌላት ሕልምሽን በሪአክተር ላይ አትመሥርቺ። በጨረር የሚሠራ ምርምር ግን አለ። ቃሊቲ ላይ ወንድ የቆላ ዝንቦች በጨረር እየመከኑ ለቆላ ዝንብ ማጥፊያ ፕሮግራም ተዘጋጅተዋል። ሴቷ ዝንብ ብዙ ጊዜ የምትጣመደው አንዴ ስለሆነ፣ ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች አትወልድም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚያገለግለው የጨረር ምንጭ ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ግማሹ ስለሚያልቅ በየወሩ ወደ 1 በመቶ ይደክማል፤ የጨረር ሰዓቱን ያላራዘመ ሰው ያልመከነ ወንድ ይለቅቃል። እዚህም ነገሩ መለካት ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የሚሆን አንድ ርዕስ ልጠቁምሽ፤ የአካባቢሽን የግንባታ አሸዋ፣ ኖራ ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ውኃ ተፈጥሯዊ ጨረር በጋማ ስፔክትሮሜትር (የጋማ ጨረርን በኃይሉ ለይቶ በሚቆጥር መሣሪያ) መለካት። ናሙናውን አድርቀሽ ፈጭተሽ አየር በማያስወጣ ዕቃ ታሽጊና 4 ሳምንት ታቆይዋለሽ። ምክንያቱም ራዲየም 226ን የምናየው በልጆቹ፣ ማለትም ሲፈርስ በሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች በኩል ነው፤ በመካከል ያለው ራዶን ደግሞ ጋዝ ነው፤ የ3.8 ቀን ግማሽ ዕድሜ ስላለው ሚዛኑ የሚመለሰው ወር ሊሞላ ሲል ነው። ሳያቆይ የለካ ወይም ክዳኑ ያፈሰሰበት ተማሪ ራዲየሙን አሳንሶ ይጽፋል። ዩኒቨርሲቲሽ መሣሪያው ከሌለው ናሙናውን አሽገሽ ወዳለበት መላክ ይቻላል፤ የማሸጊያውን ቀን ዕቃው ላይ መጻፍ እንዳትረሺ።

ከአሁኑ የምትለማመጂው ገንዘብ አይጠይቅም። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ፤ ከዚያ ጨረር በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በዕጣ ስሌት የሚያስመስለውን ጂአንት 4 በነፃ አውርደሽ፣ ከላይ የገለጽኩትን የውኃ ገንዳ በላፕቶፕሽ ሥሪ። 10,000 ቆጠራ የ1 በመቶ፣ 400 ቆጠራ ደግሞ የ5 በመቶ ስህተት የሚኖረው ለምን እንደሆነ ወረቀት ሳታዪ ማስረዳት እስክትችዪ ድረስ ሥሪው፤ የማስተርስ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። አንዳንድ ስልክ የግፊት መለኪያ ሴንሰር አለው። ካለሽ ድሬዳዋ ላይ፣ ደንገጎ ላይ፣ ሐረር ላይ የሴንሰሩን ጥሬ ንባብ መዝግበሽ ማረሚያውን አስዪ። ይህችን አንድ ገጽ ከማመልከቻሽ ጋር ብታያይዢያት ከብዙ ሰርተፊኬት ትበልጣለች።

አሁን ወደ እናትሽ። ስጋታቸው ከአየር አልመጣም፤ ብዙ ጨረር በእርግጥ ያመክናል። ጥያቄው ስንት የሚለው ነው። የሴት ልጅን እንቁላል ለዘለቄታው የሚያጠፋው በአንድ ጊዜ እንቁልጢዋ ላይ የሚያርፍ ወደ 3 ግሬይ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ መጠኑ ይቀንሳል። ለጨረር ሠራተኛ የተፈቀደው የዓመት ጣሪያ በ5 ዓመት አማካይ 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ለራጅና ለጋማ 1 ሲቨርት ከ1 ግሬይ ጋር እኩል ስለሚሰላ የዚያ 3 ግሬይ 150ኛ እጅ መሆኑ ነው፣ እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዓመት ተበትኖ። በደንብ በተሠራ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ከጣሪያው በብዙ ያነሰ ይወስዳል። ስታረግዢ ለኃላፊሽ ወዲያው በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ፅንሱ የሚወስደው ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ሥራሽ ይስተካከላል፣ ከሥራ መባረር ግን የለም። ለእናትሽ ቁጥሩን ከምትነግሪያቸው ይልቅ፣ ደረትሽ ላይ የምታደርጊው ዶዚሜትር የምትወስጂውን እየመዘገበ ውጤቱ እንደሚነገርሽ ብታሳዪያቸው ይሻላል።

ዶዚሜትሩ የሚጠቅመው ግን ሰው ሲጠቀምበት ነው። ጋውን ኪስ ውስጥ ረስቶ ራጅ ክፍል የሚሰቅለው፣ ለባልደረባ የሚያውሰው፣ «አስቸገረኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፈው አለ። የእርሳስ ሽርጡንም አጣጥፎ ወንበር ላይ መጣል ውስጡን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፣ ጨረሩ ግን ያልፍበታል። ተዘርግቶ መሰቀል፣ በዓመት አንዴም በራጅ መፈተሽ አለበት።

ስለዚህ ለልምምድ ወደ ድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ደብዳቤ ይዘሽ ስትሄጂ፣ ወይም የፋብሪካ ላብራቶሪ ስትጎበኚ፣ አራት ነገር በትሕትና ጠይቂ። ተቋሙ ከአገሪቱ የጨረራ ተቆጣጣሪ የተሰጠው ፈቃድ እስከ መቼ ነው? የጨረር ደኅንነት ኃላፊው ማነው? ዶዚሜትሮቹ በስንት ወር ይነበባሉ፣ ውጤቱስ ለሠራተኛው ይነገራል? ባሮሜትሩ በመጨረሻ የተረጋገጠው መቼ ነው? ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍልሽ ማኅተም አስመትተሽ በሁለት ቅጂ ያዢ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተሽ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፊ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በዚያው ቁጥር ሄደሽ ተከታተዪ።