የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅና የፊድባክ ነገር፤ ጥያቄና መልስ

ጊታር በመጫወትና የሌሎችን ጊታር በመጠገን ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ ሁለት ነው፤ ወይ «ድምፄ አላምር አለኝ»፣ ወይ «አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) እየጮኸ አስቸገረኝ»። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጌይኑ፣ ማለትም ከጊታሩ የሚመጣው ምልክት ገና ሲገባ የሚጎላበት መጠን፣ በዝቷል። አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር) ፔዳሌን ገና ስረግጠው፣ አንድ ኖታ እንኳ ሳልጫወት አምፑ ይጮኻል። ጥፋቱ የጊታሩ ነው ወይስ የአምፑ?

መልስ፦ ለይቶ ለማወቅ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅብህም። ጩኸቱ እንደጀመረ ስድስቱንም ክሮች በመዳፍህ እፈናቸው። ጸጥ ካለ ይጮኽ የነበረው ክሩ ነው። ክሩ ታፍኖም ጩኸቱ ከቀጠለ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ ዜሮ መልሰው፤ አሁን ከቆመ ፒክአፑን፣ ማለትም የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ ጠርጥር። ቮሊዩሙ ዜሮ ሆኖም ከጮኸ ግን ጊታሩ ነጻ ነው፤ ችግሩ ፔዳሉ ወይም አምፑ ውስጥ ነው። አምፑ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ከሆነ በውጭ የሚታዩትን ትናንሾቹን ቱቦዎች በእንጨት እርሳስ ጫፍ ቀስ እያደረግህ ንካቸው፤ ያረጀው ቱቦ በስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል ይጮኻል። በእጅህ አትንካው፤ ያቃጥላል።

ብዙ ሰው የሚገጥመው ግን የመጀመሪያው ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ክሩን ይነቀንቀዋል፤ ፒክአፑ ይህንኑ ንቅናቄ ወደ አምፑ ይልካል፤ አምፑ አጉልቶ እንደገና ያወጣዋል። በአንድ ዙር የሚጨመረው ጉልበት ከሚባክነው ሲበልጥ ጩኸቱ ራሱን በራሱ ይመግባል፤ ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው። ዲስቶርሽን ደግሞ ባሕርዩ ትንሹን ድምፅ ከትልቁ ጋር እኩል ማድረግ ነው፤ ክሩ በአየር ብቻ ሲነካ የሚያወጣውን ረቂቅ ድምፅ ሳይቀር ያገዝፈዋል። ስለዚህ ጌይኑን ዝቅ አድርግ፤ ያጣኸውን ጉልበት በአምፑ ዋና ቮሊዩም መልሰው። ከዚያ ቦታህን ቀይር። ፊትህን ወደ ስፒከሩ አድርገህ ስትቆም ጊታሩን ለስፒከሩ ሰጠኸው ማለት ነው። ጀርባህን ስጠውና ሰውነትህ በመካከል ይግባ፤ ወይም ወደ ጎን ፈቀቅ በል። ርቀቱን እጥፍ ስታደርገው በቀጥታ የሚደርስህ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ስለሚመልሰው ጥቅሙ ያን ያህል አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ክሮቹን አፍኜም አልቆመም። በጣም ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። ፒክአፕ መለወጥ አለብኝ?

መልስ፦ አትቸኩል። ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመበት ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ጥምጥሙ ከላላ ሽቦው ራሱ ይንቀጠቀጥና ፒክአፑ እንደ ማይክሮፎን መስማት ይጀምራል። አንድ ልጅ ይዞልኝ የመጣ ጊታር ትዝ ይለኛል፤ አምፑን ከፍቼ የፒክአፑን የብረት ክዳን በጥፍሬ ስቆረቁረው ድምፁ በስፒከሩ ጥርት ብሎ ወጣ። አጎንብሼ ስናገርበት ደግሞ የራሴ ቃል ተመልሶ መጣልኝ። ከዚህ በላይ ምርመራ የለም።

መድኃኒቱ ሰም ነው። የፓራፊን ሰም ላይ ጥቂት የንብ ሰም ተቀላቅሎ፣ ሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል፤ ፒክአፑ በውስጡ ተነክሮ የአየር ፊኛ መውጣቱ እስኪያቆም ይቆያል። ሰሙ በሽቦዎቹ መካከል ገብቶ ሲረጋ የሚንቀጠቀጥ ነገር አይቀርም። በቀጥታ እሳት ላይ አታድርገው፤ ሰም ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱ ካለፈም የፒክአፑ ፕላስቲክ ይጣመማል። ቴርሞሜትር ከሌለህ ለባለሙያ ስጠው። ከሁሉ በፊት ግን ፒክአፑን የያዙት ብሎኖችና ስፕሪንጎች አለመላላታቸውን እይ፤ አንዳንዴ ሥራው እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሳስተካክለው በጣም የሚያምረው ድምፄ ከባንዱ ጋር ስጫወት የት እንደሚገባ አላውቅም። ከፍ ሳደርገው ያስገመግማል፤ ዝቅ ሳደርገው ይጠፋል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ባስና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ፣ ሚዱን (የመካከለኛውን) ዝቅ አድርገሽ እንደምትጫወቺ እገምታለሁ። የጆሮ ጠባይ ነው እንጂ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር እንዳሳዩት፣ ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ጊዜ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ ቤት ውስጥ እያዳመጥሽ የጎደለ የሚመስልሽን ባስና ትሬብል ትጨምሪያለሽ። መድረክ ላይ ድምፁ ሲጎላ ጆሮሽ ሁሉንም አስተካክሎ መስማት ይጀምራል፤ የጨመርሽው በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይወጣል።

ሌላው ነገር ቦታ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ሲነካ 82 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል፤ የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር ደግሞ 41። ባስሽን ስትጨምሪ ቤዝ ጊታሩና የከበሮው ትልቁ ከበሮ ከያዙት ወንበር ላይ ለመቀመጥ መታገል ነው፤ አታሸንፊም። የጊታር ቤት ሚዱ ነው። እንዲህ አድርጊ፦ በልምምድ ቦታ፣ ከባንዱ ጋር፣ በእውነተኛው የድምፅ መጠን ሦስቱንም መቆጣጠሪያ መሐል ላይ አቁሚ። ባሱን አንድ ሁለት ነጥብ ቀንሺ፣ ሚዱን ትንሽ ጨምሪ፣ ጌይኑን ደግሞ «ይህማ አነሰ» እስክትዪ ድረስ አውርጂ። ብቻሽን ስትጫወቺው ደረቅ ይመስልሻል። ከባንዱ ጋር ግን እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል፤ ባሱ በመቀነሱም ያ ማስገምገም አብሮ ይቀንሳል። አምፑን ከወለል አንሥተሽ ወንበር ላይ ብታስቀምጪው ደግሞ የወለሉ እርዳታ ስለሚቀር ባሱ ይበልጥ ይጠራል፤ ስፒከሩም ከጉልበትሽ ይልቅ ወደ ጆሮሽ ስለሚያይ የምታወጪውን በትክክል ትሰሚያለሽ።

ጥያቄ፦ የጊታሬ ፒክአፕ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም) ነው። የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ አለው፤ ስዞር ደግሞ ይቀንሳል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሲንግል ኮይል በአካባቢው ካለው ትራንስፎርመርና የኤሌክትሪክ መስመር የሚመነጨውን መግነጢሳዊ ሞገድ እንደ አንቴና ይቀበላል። ሲዞሩ የሚቀንሰው ጥምጥሙ ለሞገዱ የሚሰጠው አቅጣጫ ስለሚለወጥ ነው፤ ጸጥ የሚልበትን አቅጣጫ ፈልገው ቆመው መጫወት ነጻ መፍትሔ ነው። ሃምበከር የተባለው ፒክአፕ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 በአውሮፓ አቆጣጠር ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን አድርጎ አቅጣጫቸውንና ማግኔታቸውን ማገላበጥ ነበር፤ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ እምምምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ድምፁ ግን ወፈር ይላል፤ የሲንግል ኮይልን ጥራት የሚወዱ ከሆነ እንደ ሲንግል ኮይል እንዲቀጥን ታስቦ የተሠራ፣ እምምምታ የማያስገባ ዓይነት ይፈልጉ።

ክሩን በእጅዎ ሲነኩት የሚቀንስ «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ሌላ ነው። የጊታሩን ውስጥ በመዳብ ወረቀት ሸፍኖ ከመሬት ሽቦው ጋር ማገናኘት እርሱን ይቀንሰዋል፤ እምምምታውን ግን አይነካም።

ጥያቄ፦ የአምፑን መሰኪያ የመሬት እግር ብቆርጠው ጉምጉምታው ይጠፋል አሉኝ።

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርገው! ያ እግር ሕይወትህን የሚጠብቅ ነው። አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በብረት ክሮቹ በኩል ወደ እጅህ፣ ማይክሮፎን ስትነካ ደግሞ በከንፈርህ በኩል ያልፋል። ጉምጉምታው የመጣው ሁለት ዕቃዎች በሁለት መንገድ ከመሬት ስለተገናኙ ከሆነ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት አውጣቸው፤ ካልበቃ በድምፅ መስመሩ ላይ የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር አለ።

ጥያቄ፦ ኖይዝ ጌት (ድምፁ ሲያንስ መስመሩን እንደ በር የሚዘጋ መሣሪያ) ብገዛስ?

መልስ፦ በኖታዎች መካከል ያለውን ሹክሹክታ ይዘጋል። እየተጫወትክ ሳለ የሚነሣውን ፊድባክ ግን አይዘጋም፤ በሩ ክፍት ነውና። በጣም ስታጠብቀው የኖታውን ጅራት ይቆርጣል። ጌይኑን ከቀነስክ በኋላ አስብበት።

ጥያቄ፦ ረጅም ኬብል ድምፅ ያደበዝዛል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ተራ ኬብል በየሜትሩ ወደ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅም (ካፓሲታንስ) አለው፤ ያ ሁሉ ከፒክአፑ ጋር ተደምሮ ከላይ ያለውን ጥራት ይበላል። ከጊታሩ እስከ መጀመሪያው ፔዳል ያለው ኬብል አጭር ይሁን፤ ረጅም መሄድ ካለበት መጀመሪያ ላይ በፈር (ምልክቱን ለረጅም ኬብል የሚያበረታ ክፍል) ያለበት ፔዳል አስገባ። የፒክአፑን ከፍታ ደግሞ እስከዚያው ፈትሽ፤ መጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭነህ በክሩና በፒክአፑ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት። በጣም ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ኖታው ይወላገዳል።

ጥያቄ፦ የእኔ ጊታር ውስጡ ክፍት ነው። ቮሊዩሙ ትንሽ ከፍ ሲል አንድ ወፍራም ኖታ ብቻ እየጎላ ያስጨንቀኛል።

መልስ፦ የእንጨቱ ሣጥን ራሱ አብሮ ይጮኻል፤ አንድ ኖታ ብቻ የሚመርጠውም ለዚህ ነው። በድምፅ ቀዳዳዎቹ ልክ ስፖንጅ ቆርጠው ይወትፉባቸው፤ ሲፈልጉ ይወጣል። የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢ ቢ ኪንግ በስሙ የተሠራለት ጊታር ያለ ቀዳዳ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ኢኳላይዘር (ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በየክፍሉ የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለዎት ያንን አንድ ኖታ ብቻ ፈልገው ጠበብ አድርገው ይቀንሱት፤ ባሱን በሙሉ አይግደሉት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምፈልገው። ጂሚ ሄንድሪክስ ያደርገው የነበረው ዓይነት፣ ኖታ ይዤ እንዲዘምርልኝ እሻለሁ።

መልስ፦ ደስ ይላል! እንግዲህ ጠላት ያደረግነውን ወዳጅ እናድርገው። ጀርባህን ሳይሆን ጊታርህን ወደ ስፒከሩ መልስ፣ አንድ ኖታ ያዝ፣ የማትፈልጋቸውን ክሮች በቀኝ መዳፍህ አፍን። ከዚያ በዝግታ ተንቀሳቀስ። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ እርምጃ ስትራመድ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ክሩን የሚያግዝበት ወይም የሚቃወምበት ሁኔታ ይለወጣል፤ ኖታውም በድንገት ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል። ኖታው የሚዘምርበትን ቦታ በልምምድ ጊዜ አግኝና ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። ማስነሣቱን የጊታሩ ቮሊዩም ይሥራ፤ 10 ላይ ይነሣል፣ 6 ላይ ይተኛል። ትንሿ ጣትህ ከዚያ መቆጣጠሪያ ላይ አትነሣ።