እናትሽ የሚወድቁት መቼ ነው? (ስለ ቫይታሚን ዲ መርፌ ለጠየቅሽው)

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ያሉት የ72 ዓመት እናትሽ ደጋግመው እየወደቁ ስለሆነ «የቫይታሚን ዲ መርፌ ላስወጋቸው?» ብለሻል። መርፌውን ለጊዜው አቆዪውና መቼና እንዴት እንደሚወድቁ ጠይቂያቸው።

ከዱካ ሲነሱ ጉልበታቸውን በእጅ የሚደግፉ፣ ደረጃና ዳገት የከበዳቸው፣ ጭንና ዳሌያቸውን የሚቆረጥማቸው ከሆነ ቫይታሚን ዲ ሊያንሳቸው ይችላል፤ እሱ ሲጎድል ይበልጥ የሚደክመው የጭንና የዳሌ ጡንቻ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ወይም ፊታቸውን ሲታጠቡ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚንገዳገዱ ከሆነ ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ጠርጥሪ። ቢ12 ሲጎድል የእግርን አቀማመጥ ለአንጎል የሚያደርሱት የአከርካሪ ነርቮች ይጎዳሉ። ቀን ቀን ዐይን ያካክሰዋል፤ ሲጨልም ነው ጉዱ የሚወጣው። «ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል» ካሉ ወይም ነጠላ ጫማቸው ሳያውቁት ከወለቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ዐይናቸውን ጨፍነው ይተኙ፤ የእግራቸውን አውራ ጣት ግራና ቀኙን ይዘሽ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንቀሳቅሺና «ወዴት ሄደ?» በያቸው። ከላይና ከታች አትያዢው፤ የጣትሽ ግፊት መልሱን ይነግራቸዋል። ደጋግመው ከተሳሳቱ ወደ ሐኪም ውሰጃቸው።

ምርመራው የደም ቢ12 መጠን ነው። በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ ጎድሏል፤ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ ከምልክቱ ጋር ይታያል። «ደም ማነስ የለባቸውም» መባሉ ብቻውን አያሳርፍም፤ ነርቭ ደም ሳያንስም ይጎዳል።

ጾሙን ብቻ ተጠያቂ አታድርጉ። ሽሮ፣ ክክና ጎመን ቢ12 የላቸውም፣ እውነት ነው፤ ግን ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች አንድ ሁዳዴ አይጨርሰውም። ችግሩ የሚመጣው ዕድሜ ልክ የተጾመው፣ በፍስኩም ሥጋና እንቁላል እምብዛም አለመገኘቱና የሸመገለ ጨጓራ ቢ12ን ከምግብ መለየት ማቃቱ ሲደራረቡ ነው። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ከሆነ ይብሳል።

ነርቭ ከተነካ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 1 ሚሊግራም በጡንቻ የሚወጋ መርፌ ነው፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እየተራራቀ። ለውጡ ወራት ይፈጃል፤ የቆየ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ፦ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ደሙን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ይሸፍናል፤ ከፋርማሲ በዘፈቀደ የሚገዛው የቢ ቫይታሚን ቅልቅል ደግሞ ቢ6 ከበዛበትና ለወራት ከተወሰደ ራሱ እግር ያደነዝዛል።

ወደ ቫይታሚን ዲ ስመለስ፣ ብርድ ነው ብለው ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ የሚሞቁት ሙቀቱን እንጂ ቫይታሚኑን አያገኙም። ጥላቸው ከቁመታቸው ሲያጥር ክንድና ባታቸውን ገልጠው 15 ደቂቃ ያህል ይቀመጡ። በደም ምርመራ በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ ሐኪም ያዝዛል፤ ከ70 ዓመት በላይ የተለመደው የቀን መጠን 800 ዩኒት ነው። መርፌውን አቆዪው ያልኩሽ በአንዴ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ስለሚያሰጋኝ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የተሰጣቸው አረጋውያን ሴቶች፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ ካልተሰጣቸው 15 በመቶ ያህል አብልጠው ወድቀዋል፤ የአጥንት ስብራታቸውም ጨምሯል።

ሲነሱ ዐይናቸው የሚጨልም ከሆነ ግን ነገሩ የቫይታሚን ላይሆን ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ እናቶች ላይ የተለመደ ነው። 5 ደቂቃ አስተኝተሽ ግፊታቸውን ለኪ፤ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሚ። የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ለሐኪማቸው ንገሪ እንጂ መድኃኒቱን ራስሽ አታቋርጪ።

ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ የቫይታሚን ውጤት ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሻቸው።