እሳቱ ሌላ ፎቅ ላይ ከሆነ እንውረድ ወይስ በር ዘግተን እንቆይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አፓርትመንታችሁ ውስጥ ሌሊት አላርም ጮኸ፣ ኮሪደሩ ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ባለቤትሽ «ልጆቹን ይዘን እንሩጥ» አለ፣ ጎረቤትሽ ደግሞ «ከቤት እንዳትወጡ» አለች። ማንን እንስማ ነው ያልሽው። በዚያ ላይ ቡና በተቆላ ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገረን የሳሎኑን አላርም ባትሪ አውጥተነዋል ብለሻል። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከኮርኒሱ ውሃ የሚረጨው) በሌለው አሮጌ ሕንፃ ነው የምኖረው። ያንቺም እንደዚያው ይመስለኛል። እኛ ሕንፃ ላይ እሳቱ የምር ተነስቶ ስላየሁት የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ባትሪውን ዛሬውኑ መልሺው። ለቡናው መላ አለው። አላርሙ ከምድጃው ቢያንስ 10 ጫማ ይራቅ። ስትገዢ «ፎቶኤሌክትሪክ» የሚለውን ምረጪ፤ «አዮናይዜሽን» የሚባለው በምግብና በቡና ጭስ ቶሎ ይጮሃል። የተሠራበት ቀን ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ 10 ዓመት ከሞላው ይቀየር። ድምፁንም ለይታችሁ እወቁት። ሦስት ሦስት ጊዜ እየጮኸ ካረፈ ጭስ ነው። አራት አራት ጊዜ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ለዕጣን ብለሽ ቤት ውስጥ ከሰል የምታቀጣጥዪ ከሆነ ይሄ ሁለተኛው አላርም የግድ ያስፈልግሻል። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። አገር ቤት ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ስለቀሩ ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል።

2. ጭሱን ፍሪው። ሰው እሳት ሲባል ነበልባሉን ነው የሚያስበው። ብዙውን ሰው የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። ትኩስ ጭስ ሽቅብ ይወጣል። ኮርኒሱ ሲያግደው ወደ ጎን ይነጉዳል። ግድግዳ ሲያግደው ደግሞ ከላይ ወደ ታች እየሞላ ይመጣል። ስለዚህ በቁመትሽ ልክ ያለው አየር ሳንባ የሚያቃጥል ሆኖ፣ ወለሉ አጠገብ ግን ገና መተንፈስ ይቻል ይሆናል። በጉልበታችሁ ሂዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ኮርኒስ ሥር የተጠራቀመው ጭስ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ ነበልባል ሳይነካቸው ባንዴ ይቀጣጠላሉ። የድሮ የእንጨትና የጥጥ ዕቃ ባለበት ሳሎን እዚህ ደረጃ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። የዛሬው ስፖንጅና ፕላስቲክ ባለበት ሳሎን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲደርስ በሙከራ ታይቷል። ፓስፖርት ላንሳ፣ ወርቅ ላንሳ የሚባልበት ጊዜ የለም።

3. በር። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የባለቤትሽና የጎረቤትሽ ክርክር መልሱ በሩ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ቤት እያቃጠሉ ለክተውታል። በሩ ክፍት የነበረ መኝታ ቤት ከ1000 ዲግሪ ፋራናይት (540 ሴንቲግሬድ ገደማ) በላይ ሲደርስ፣ በሩ የተዘጋው ግን 100 ፋራናይት (38 ሴንቲግሬድ) አካባቢ ነው የቆየው። ተራ የመኝታ ቤት በር ነው ይሄን ያደረገው። ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ጥር 2022 የሆነውን አስታውሺ። ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ነው። እሳቱ የተነሳው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲሆን፣ ነበልባሉ ከዚያ አፓርትመንትና በሩ ላይ ካለው ኮሪደር ብዙም አልራቀም። ግን ሰዎቹ ሲወጡ በራሱ መዘጋት የነበረበት በር ሳይዘጋ ቀረ። ከላይ ደግሞ የደረጃው በር ክፍት ነበር። ደረጃው የጭስ ማውጫ ሆነ። 17 ሰው ሞተ፣ 8ቱ ሕፃናት ናቸው። ሁሉም ጭስ አፍኗቸው ነው።

የኛም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከኛ በታች ያለ ኩሽና ውስጥ ዘይት ተቀጣጠለ። ሰውየው ነፍሱን ሊያድን በሩን ወለል አድርጎ ወጣ። እኔ አላርሙ ሲጮህ በመጀመሪያ የበሩን እጀታ በእጄ ጀርባ ነካሁ። አልሞቀም። ትንሽ ገርበብ አድርጌ አየሁ። የኮሪደሩ የላይኛው ግማሽ ጥቁር ነበር፤ መብራቶቹ አይታዩም። ከታች ግን የጎረቤቴ በር ላይ የተቀመጡት ጫማዎች ጥርት ብለው ይታያሉ። በጭሱና በንጹሁ አየር መካከል በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር ነበረ፤ እያየሁት ዝቅ ይል ጀመር። ወዲያው ዘጋሁት። ፎጣ አርጥበን ከበሩ ሥር ወተፍን። ልጆቹን ከኮሪደሩ ራቅ ወዳለው ክፍል አስገብቼ ያንንም በር ዘጋሁ። 911 ደውዬ የአፓርትመንት ቁጥራችንን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆንንና መስኮታችን በየት በኩል እንደሚታይ ነገርኳቸው። መስኮቱን ከፈት አድርጌ ነጭ አንሶላ አንጠለጠልኩ። ከውጭ ጭስ ቢገባ ኖሮ እዘጋው ነበር። ቤተሰቤ አንድ ሳል እንኳ ሳይስል ወጣ፤ በዚህ እኮራለሁ።

በደረጃው ለመውረድ የሞከሩት ጎረቤቶቻችን ግን ሆስፒታል ገቡ። ለምን? የደረጃው በር ሁሌም በጡብ ተደግፎ ክፍት ይውላል። እሳቱ ከመነሳቱ ከወራት በፊት ለማኔጅመንቱ ቢሮ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። ዴስኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ሳታነበው «ሰው ዕቃ ስለሚያጓጉዝ ነው፣ እናየዋለን» ብላ ሸኘችኝ። ከእሳቱ በኋላ ሄጄ ስጠይቃት ደግሞ ሕንፃው ሕግ ያሟላ ነው ብላ ፊቷን አዞረች። ሰው በኦክሲጅን እየተነፈሰ ሆስፒታል ተኝቶ! ያን ቀን የተናደድኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። የካውንቲው ፋየር ማርሻል ቢሮ (የሕንፃዎችን የእሳት ደህንነት የሚቆጣጠረው) ደወልኩ፣ ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁ። ተቆጣጣሪ መጥቶ እያንዳንዱን በር እየከፈተ ለቀቀው። በራሳቸው ያልተዘጉትን ጻፈባቸው። በሮቹ በሙሉ ተጠገኑ። ጡቡም ጠፋ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እሳቱ ያንቺ ቤት ከሆነ ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ሁላችሁም ውጡና በሩን ከኋላችሁ ዝጉት። ክፍት ከተውሽው እሳቱን አየር ታበዪዋለሽ፣ ጭሱንም ለጎረቤት ትልኪዋለሽ። እሳቱ ሌላ ቤት ሆኖ ኮሪደሩና ደረጃው ንጹህ ከሆነ በደረጃ ውረዱ፤ ሊፍት በፍጹም። ኮሪደሩ ጭስ ከያዘ ግን ጎረቤትሽ ልክ ነች። ሁለት ደረጃ ካላችሁ የሩቁ ንጹህ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው የት እንደሚያወጣ ከልጆቹ ጋር በቀን ወርዳችሁ እዩት። «ቆዩ» የሚለውንም በጭፍን አትያዢው። ለንደን ግሬንፌል ላይ፣ በ2017፣ የሕንፃው የውጭ ልባስ ራሱ ስለተቀጣጠለ ቆዩ የተባሉ ብዙዎች መውጫ አጡ። 72 ሰው አለቀ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም የሚኖሩበት ሕንፃ ነበር። ጭስ ቤትሽ ውስጥ መግባት ከጀመረ ወይም እሳቱ በውጭ ግድግዳ ሲወጣ ካየሽ ለ911 ይሄንኑ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽ ሊቀየር ይችላል።

ስለ ገንዘቡ ማንም አይነግርሽም፣ ስለዚህ እኔ ልጨምር። እሳት ያልነካው ቤት በጭስ ይበላሻል። ጥላሸቱ ፍራሽ ውስጥ ይገባል፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ይቀመጣል፣ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። የሕንፃው ኢንሹራንስ ሕንፃውን እንጂ ያንቺን ዕቃ አይከፍልም። የተከራይ ኢንሹራንስ ያልነበራቸው ጎረቤቶቼ ሁሉንም ከኪሳቸው ነው የተኩት። እኔ ስለነበረኝ ተከፈለኝ። የቤትሽን ዕቃ አሁኑኑ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪና ለራስሽ በኢሜይል ላኪው።

ነገ ጠዋት ደግሞ የራስሽን የመግቢያ በር እስከ መጨረሻው ከፍተሽ ልቀቂው። በራሱ ሄዶ ጥርቅም ብሎ ካልተዘጋ ለቢሮው በኢሜይል ጻፊላቸው፤ በቃል አትንገሪያቸው፣ ይክዱሻል። ካልመለሱልሽ ኮፒውን ይዘሽ ካውንቲው ጋ ደውዪ። እኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ ስምና አድራሻ ብቻ ቀይረሽ መጠቀም ትችያለሽ።